ለፈጣሪ ጽፈነው ቀጣሪ ስላነበበው ካርድ

ለተከበሩ የሰፈራችን ክርስቲያናዊ የሥራ ማገናኛ አገልግሎት ሰብሳቢ፤
ባሉበት፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመሆኑ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ያ አላስተኛ ያለዎት ጉልበትዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ ጉልበትዎ የሰማሁት ከዘበኛዎ ነው እንጂ ከጸሎት ካርድ ላይ አይደለም፤ እርስዎ ካርድ ሞልተው አያውቁምና። ይህን ጥንቃቄዎን ሳደንቅ ኖሬአለሁ፤ ምክንያቱ የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ከአገልግሎታችን አዳራሽ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን ተቀምጬ አራት ዓመት ሙሉ በነጻ የምጽፍልዎት ሴት ነኝ። ሥራ ያጣው ጎረቤቴ ሁሉ ማክሰኞ ማክሰኞ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድሮ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ አሠሪ ፊት እንዴት እንደሚቀረብ፣ ደመወዝ እንዴት እንደሚያዝ ይማራል፤ እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ ጥሩ ነው። ሲያበቃ ለእያንዳንዱ «የጸሎት ርእስ» የሚል ትንሽ ካርድ ይታደለዋል፤ እሱም የልቡን ይጽፋል። እኔ ካርዶቹን ሰብስቤ ከነስማቸው በአንድ ገጽ ላይ እገለብጣቸዋለሁ፤ ገጹም ተባዝቶ ሐሙስ ሐሙስ ለጸሎት አጋሮቻችን ይላካል። የጸሎት አጋሮቻችን እነማን ናቸው ቢሉ፣ የልብስ ፋብሪካው ባለቤት፣ የጭነት መኪኖቹ ጌታ፣ የሕንጻ ተቋራጩ፤ ማለትም ሰዎቻችንን የሚቀጥሩልን እነዚያው ናቸው። እንግዲህ እኛ ለፈጣሪ የጻፍነውን ቀጣሪያችን ቁርሱን እየበላ ያነበዋል። ማንም በክፋት እንዳላደረገው እመሰክራለሁ። እንዲህ ያለው ነገር ከቅን ሰው ራስ ካልሆነ ከየትም አይፈልቅም።

ስለሆነም ባለውለታ ሆኖ ዝም ማለት ነውር ነውና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ልብስ ሰፊዋ እናመሰግናለን። ሦስት ጊዜ ያስወረዳት ይህቺ ጎረቤቴ አራተኛውን ስታረግዝ ለእናቷ እንኳ ሳትነግር «ይህንን ጌታ ያጽናልኝ» ብላ በካርዷ ላይ ጻፈች። በሳምንቱ ፋብሪካው «አንቺ እኮ ዕረፍት ያስፈልግሻል» ብሎ በክብር አሰናበታት። ባለቤቱ እስካሁን እየጸለየላት መሆኑን በሰው ልኮላታል፤ አቤት ደግነት!

2ኛ/ ስለ ሾፌሩም እንዲሁ። መጠጥ ከተወ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ነበር። «እንዳልመለስበት ጸልዩልኝ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ፊደል ሳልገድፍ ገለበጥኩት። በሳምንቱ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበሉት። ጸሎታችን ከምን እንደደረሰ ማወቅ ከፈለጉ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ግሮሰሪ ከጠዋት ጀምሮ ያገኙታል። እኔን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ቢያዞርም አልፈርድበትም።

3ኛ/ ከዚህ በኋላ ሰፈሩ ነቃ። ማንም ሳይመክረው ሁሉም በየካርዱ «ስለ ጤናዬ ተመስገን፣ ስለ ሰላሜ ተመስገን» እያለ መጻፍ ጀመረ። እርስዎም በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ገጹን ከፍ አድርገው አሳይተው፣ የሰፈራችን ችግር በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደቀነሰ አበሠሩን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን ይቁረጠውና አጨበጨብኩ።

4ኛ/ ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል።

በዚህ ሳምንት ለአሥራ ሁለት ወንዶች ሥራ አግኝተንላቸዋል። ባለ ዘጠኝ ፎቁን ሕንጻ ከውጭ በኩል ይለስናሉ፤ የሚጀምሩትም የፊታችን ሰኞ ነው። አሥራ ሁለቱም በካርዳቸው ላይ ስለ ጤናቸው አመስግነዋል። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ግን የሚጥል በሽታ አለበት።

በዓይኔ ነው ያየሁት። ባለፈው ወር የተሰበረ ወንበር እየጠገነ ሲያጫውተኝ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ዓይኑ ተከፍቶ ወደኔ ያያል፤ እሱ ግን የለም። እስከ ሃያ ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ቆይቶ መዶሻውን አነሳና «ምን እያልን ነበር?» አለኝ። ሁለተኛው እንደዚያ ቀላል አልነበረም፤ ከነቁመቱ ግቢው ውስጥ ተዘረጋ፣ እኔም ነጠላዬን ከራሱ ሥር አድርጌ እስኪነቃ ድረስ አለቀስኩ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰው አይቶት እንደሆነ ነው። ሰኞ ግን ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ነው፤ ነጠላ የሚያነጥፍለትም አይኖርም።

አትሂድ ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። «ሰባት ወር ሙሉ ከሰው እጅ ስጠብቅ የት ነበርሽ? አሁን አፍሽን ዝጊልኝ» አለኝ። ደግሞም በአገልግሎታችን ደንብ መሠረት የተገኘለትን ሥራ ሁለት ጊዜ እምቢ ያለ ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል፤ እሱም እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አንድ ጊዜ እምቢ ብሏል። ያኔም የተሰጠው ሥራ ከፍታ ላይ ነበር፤ ለምን እምቢ አልክ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

በተገቢው መንገድ አልሞከርሽም እንዳይሉኝ ያደረግሁትን ልናገር። የአገልግሎታችን አስተባባሪ የሆነው ወንድማችን ዘንድ ሄጄ ስም ሳልጠራ አንድ የታመመ ሰው አለ አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ካርድ ላይ ጻፊልንና እንጸልይበታለን አለኝ። ከዚያ የሕንጻውን ሠራተኞች የሚያዘው ፎርማን ዘንድ ሄድኩ። የደህንነት ቀበቶዎቹ አዲሶች መሆናቸውን፣ ተቆጣጣሪ የመጣ ዕለት ቆሽሸው እንዳይገኙበትም መጋዘን ቆልፎባቸው እንዳስቀመጠ በኩራት ነገረኝ። መወጣጫውንም አየሁት፤ እንጨቱ በገመድ የታሰረ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ይንጫጫል።

ታዲያ ስሙን ለምን አትነግሪንም ይሉኝ ይሆናል። ብነግርዎት በአንድ ደቂቃ ስሙን ሰርዛችሁ፣ አሥራ አንዱን ያለ ቀበቶ ሰቅላችሁ፣ ስለ መልካም አጋጣሚው ታመሰግናላችሁ። እሱን ደግሞ በዚህ ከተማ የሚቀጥረው አይገኝም። ከእንግዲህ ሕመሙን ከእኔም ይደብቃል፤ የሚቀጥለው ከፍታ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ምኔ እንደሆነም አልናገርም፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ባለቤቴ ነው፣ ሁለቱ ወንድሞቼ ናቸው፣ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው፣ የቀሩትም ከልጅነታቸው ጀምሮ ደጄን የሚያውቁ ናቸው። ብናገር እገድለዋለሁ፣ ዝም ብል እገድለዋለሁ። ፈርቻለሁ፤ ይህን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ልመናዬ ብዙ አይደለም። ሰኞ ማንም ሰው መወጣጫው ላይ ከመውጣቱ በፊት መጋዘኑ ይከፈት፣ አሥራ ሁለቱም ቀበቶ ታጥቀው ገመዱ ከሕንጻው ጋር ይታሰር። መሬት ላይ መሥራት እመርጣለሁ ያለ ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ አሸዋ ይንፋ፣ ሲሚንቶ ያቡካ፤ ከመዝገብም አይሰረዝ። የሐሙሱ ገጽ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። በበኩሌ የትናንቱን አልጻፍኩም፤ ካርዶቹን ለየባለቤታቸው መልሻለሁ። በቁም ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን የአራት ዓመት ቅጂም ከግቢው ጀርባ አቃጥዬዋለሁ። ለጠፋው ንብረት ከደመወዜ ይቁረጡ እንዳልል ደመወዝ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር፣ በመናኸሪያውና በሕንጻው አጥር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ዝግ ደብዳቤዎች በአገልግሎታችን እንዴት እንደሚያዙ ከማንም በላይ ስለማውቅ ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያበርታው፣ በሄዱበት ሁሉ ከእግርዎ ሥር ጠንካራ መሬት አያሳጣዎት እያልኩ፣ ቸርነትዎን አራት ዓመት በታማኝነት የገለበጥኩት፣ በበደሉም ከእርስዎ እኩል ድርሻ ያለኝ፣

ታዛዥ ጸሐፊዎ

ማስታወሻ፦ ሰውዬው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እንደሚጓጉ አልጠፋኝም። ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከሕንጻው ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሜ ወደ ላይ እመለከታለሁ፤ ዓይኔ ከማን ላይ እንደሚያርፍ ተከታትሎ ማወቅ ይቻላል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ለዚህ እርስዎም መጥተው ከጎኔ መቆምና፣ የላኳቸውን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ማየት ይኖርብዎታል።