የቅሬው ጥሩምባና የመናፈሻው ውሃ

ሰኞ፣ የካቲት 3፤ ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም ጎማውን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ፈረቃችን ነው፤ ውሃ ግን የለም። አየር ብቻ ፉት ፉት ይላል። ችግኞቹን በጀሪካን አጠጣሁ፣ ወገቤ አለቀ። ጽዶቹ ይችላሉ፤ የወይራዎቹ ጫፍ ደርቋል።

ዓርብ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ ነበር። መናፈሻው እስከ ፋሲካ ካልለመለመ ቦታው ለኮንቴይነር ሱቆች ይሰጣል አለኝ። እኔ ጠባቂዋ አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ። ስድቡን ላንቺ አቆየሁት፣ ደብተሬ፤ ግን ጠዋት ነውና ይቅር።

እህቴ ከጅዳ ደውላ ቪዛ አለ ትላለች። መናፈሻው ከተወሰደ ምን እሠራለሁ? እሄዳለኋ። ግን ጅዳ ሳለሁ የሰው አበባ ሳጠጣ ኖርኩ። አገሬ መካነ ሰላም ተመልሼ በእጄ የተከልኩት ዓይኔ እያየ ይድረቅ? በጭራሽ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ውሃ መ/ቤት ሄጄ ቴክኒሻኑ ደምሴ ላይ ጮኽኩበት። አልተቆጣም። ታንከሩ ድረስ ይዞኝ ወጣ። ታንከሩ ሙሉ ነው!

ከዚያ መስመሩን ተከትለን ቤት ለቤት ወረድን። ጉዱ እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጦ ይሄዳል። ውሃ ሲመጣ በድምፁ እንዲያውቅ ነው። ገሚሱ ገበያ፣ ገሚሱ ቤተ ክርስቲያን። ውሃው ሲለቀቅ ታች ሰፈር በየግቢው ይፈስሳል፤ ዳገት ላይ ያለነው አየር ይደርሰናል። ደምሴን እንዴት ዝም ትላለህ ብዬ ወቀስኩት። ተናግሮ ተናግሮ እንደሰለቸው ነገረኝ።

ቤቴ ስገባ የራሴም ቧንቧ ተከፍቶ አገኘሁት። ይኼን ለደምሴ አልነግረውም።

ዓርብ፣ የካቲት 7፤ ከሰዓት

የውሃ መ/ቤቱ መኪና በድምፅ ማጉያ ዞረ፤ ቧንቧ ዝጉ እያለ። ጎረቤቴ ወ/ሮ እታገኝ የሎተሪ መኪና መስሏት ቲኬት ልትገዛ ወጣች። ሌላው ጭራሽ አልወጣም።

ይኼ ሰፈር ከልቡ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን፣ ጥሩምባ። ሰው ሲሞት ጋሽ ሰይድ ይነፉታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ሄጄ ለመንኳቸው። ለሬሳ እንጂ ለባልዲ አልነፋም አሉ። እጃቸውን ይዤ መናፈሻው አመጣኋቸው። የወይራውን ቅጠል አሹት፤ ተፈረፈረ። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ የቅሬውን ዳኛ እጠይቃለሁ አሉኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፤ ማታ 1 ሰዓት

ዳኛው ፈቀዱ። ጋሽ ሰይድ ረፋዱ ላይ ነፉ። ያረቢ! እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

እታገኝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ወጣች። ወንዶቹ ለመቃብር አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። ማን ሞተ ይላል ሁሉም። ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦

«ወላሂ እስካሁን የሞተ የለም። ሊሞት ያለው መናፈሻው ነው።»

ከዚያ ቁጣ። አንድ ሽማግሌ ጥሩምባውን ሊቀሟቸው ደረሱ። ደምሴ የመስመሩን ነገር አስረዳ። እኔም ተናገርኩ፤ የራሴን የተከፈተ ቧንቧ ሳይቀር ተናገርኩ። እዚያ ላይ ሰው ሳቀ።

ዳኛው ፈረዱ። ረጅሙ ጥሩምባ ለሞት ብቻ ይሁን። አጭሩ ለውሃ። አንዴ አጭር ሲነፋ ታች ሰፈር ይዘጋል፣ ውሃው ወደ ዳገቱ ይወጣል። ሁለቴ ሲነፋ ታች ሰፈር ይከፍታል። ዘግቶ ያልጠበቀ ቀብር እንደቀረ ይቆጠራል። ቀብር የቀረ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚደርስበት አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሰላምታ እንኳ ያጣል። ማንም አልተከራከረም።

ወንዶቹ አካፋ ይዘን ወጥተን ዝም ብለን አንመለስም አሉ። ዳገቱን ወጡ። የእያንዳንዱን ችግኝ ዙሪያ ውሃ እንዲይዝ ቆፈሩልኝ። ለቀብር የመጣ ሰው መናፈሻ ሲሠራ ዋለ። እንዴት ደስ አይለኝ!

ሰኞ፣ የካቲት 10፤ ጠዋት

አንድ አጭር ጥሩምባ። ጎማውን ያዝኩ። አየር። አሁንም አየር። ልቤ ወረደ። ከዚያ ጎማው እንደ ሰው ሳለ፣ ድፍርስ ውሃ ተፋ፣ ጠራ፣ ከእጄ አምልጦ እንደ እባብ ተንፈራገጠ። ከራሴ እስከ እግሬ ረጠብኩ። ደምሴ ሊይዝልኝ መጥቶ እሱም ራሰ። አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። መጨረሻው ወይራ ድረስ አጠጣሁ። አሸነፍን!

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24፤ ረፋድ

ፋሲካ አለፈ። ወይራዎቹ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። የማ/ቤቱ ሰው መጣ። አግዳሚው ወንበር ላይ ጋሽ ሰይድ አጠገብ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ተነፈሰ። ኮንቴይነሮቹ ወደ መናኸሪያው ጀርባ ይሄዳሉ አለ። እንደ ቀላል ነገር! ሊሄድ ሲነሳ ወንበሩን ቀለም ቀቡት ብሎ አዘዘኝ። በደስታ እቀባዋለሁ።

ቅሬው ከእንግዲህ ስብሰባውን እዚሁ ያደርጋል።

ቅድም እህቴ ደወለች። ቪዛውን ለሌላ ሰው ስጪው አልኳት። ምን ነካሽ ብላ ጮኸች። የመለስኩላትን ቃል በቃል ልጽፍልሽ ነው፣ ጥሩ አድርጌ ነው የመለስኩላት፤ እንዲህ አልኳት፦ እኔ እዚህ…

ጋሽ ሰይድ ነፉ። አንዴ፣ አጭር። የእኛ ውሃ ነው፤ ጎማዬን ልያዝ፣ ቀሪው ማታ።