ደመራውን በማደያዬ አጥር ሥር ስላቆሙልኝ

ለተከበሩ የከተማችን የበዓል አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ዘጠኝ ቀኔ ስለሆነ፣ የእርስዎ እንዳልተጓደለ ስሰማ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ የብርጓል ይታያል እባላለሁ። አባቴ ከዚህ ከቁይ እስከ ደብረ ማርቆስ በአንድ አሮጌ መኪና እህል እያመላለሱ የጀመሩትን ሥራ፣ ዛሬ እኔና ወንድሜ አስማማው በሁለት አይሱዙ፣ በአንድ የነዳጅ ቦቴና በአንዲት ማደያ ይዘነው አለን። የድሮው አደባባይ ለኮብልስቶን ስለተቆፈረ፣ የዘንድሮው የመስቀል ደመራ ከማደያዬ አጥር በአሥራ ሁለት ርምጃ ላይ እንዲቆም ወስነውልኛል። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

፩. ከመሬት ሥር ሃያ ሺህ ሊትር ቤንዚን እንዳለ በጽሑፍ ባመለክት፣ ቤንዚኑ ከታች ደመራው ከላይ ስለሆነ እንደማይገናኙ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ጋኑ የሚተነፍስበት ቧንቧ አጥሩ ላይ ብቅ ማለቱ ሲያስጨንቀኝ ኖሯል፤ አለመማር ክፉ ነው።

፪. ሽጬ ላራግፈው ብዬ ብለምን፣ ያለ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ፊርማ አንዲት ሊትር እንዳይወጣ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ፈራሚው ደግሞ በዓሉ እስኪያልፍ ዕረፍት ወጥተዋል። አስማማው ወደ ቦቴው መልሶ ሊያርቀው ቢነሳ፣ ኮንትሮባንድ ተብሎ መኪናው እንደሚወረስ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ነገሩት። እኔ ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

፫. የደመራው ምሰሶ የወደቀበትን አይቶ የዘመኑን ነገር መተርጎም የአባት ልማድ ነው። ወደ እኔ በኩል ቢወድቅ ተርጓሚውስ ይተርፋል ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ በዚያ በኩል እንዳይወድቅ አቅጣጫ መቀመጡን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ሰጡኝ። ምሰሶው ማንበብ ይችል እንደሆነ ደብዳቤው አይገልጽም።

፬. ጥበቃችን አንለይ ትናንት አጥሩ ሥር ቆሞ አፈር እየበተነ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሲያይ አገኘሁት። ዛሬ ጠዋት ሦስት ልጆቹን ዲማ ወዳለችው እናቱ ሰደዳቸው። እሱ ራሱ ቀርቷል፤ እኔም ቀርቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወውና፣ ፈርቻለሁ። እንደ አገራችን ልማድ፣ የመስቀል ዕለት ንጋት ላይ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ችቦውን ለኩሶ ይመጣል። የእሳት አደጋ መኪና ከደብረ ማርቆስ እስኪደርስ፣ መንገዱ ደህና ቢሆን እንኳ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ደመራውን ወደ ገበያው ሜዳ ያዙሩልን፤ እንጨቱን በራሴ አይሱዙ፣ በራሴ ወጪ አመላልሳለሁ። ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ በዓሉም ያለ ለቅሶ እንዲያልፍ የምትመኝ፣ ትእዛዝዎን ከማክበር በቀር ሌላ መንገድ ያልተተወላት፣ ታማኝ ግብር ከፋይዎ፣
የብርጓል ይታያል
መስከረም ፲፬

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ የክብር እንግዶች ድንኳን ሲተከል አየሁ። ከሕዝቡ ማዶ፣ ከማደያዬ አራት መቶ ርምጃ ርቆ፣ ከኮረብታው ጀርባ ነው። ለምን ይህን ያህል እንደራቀ ሠራተኞቹን ብጠይቃቸው፣ እርስዎ ራስዎ በሜትር አስለክተው ያሳዩአቸው ቦታ መሆኑን ነገሩኝ። ለካ ደብዳቤዎቼ በሚገባ ገብተውዎት ኖሯል።