በአንድ ዓይን የተሳልሁበት ሥዕል

ለልጄ ያምሮት፣

የደብራችን ጊዮርጊስ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። ወንድምሽ ገደፋው በርበሬውን ያለጊዜው ዝናብ ሳያገኘው አስገብቶታል።

እኔም ዛሬ ከጭንቀት ተገላገልሁ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ወይኒቱ የሳልሽውን ሥዕል በስልኳ አሳየችኝ። እኔ ነኝ፤ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን! በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ይሁዳና ጭፍሮቹ በአንድ ዓይን እንደሚሳሉ ከልጅነትሽ አሳይቼሻለሁ። ልጄ ከክፉዎች ቆጠረችኝ ብዬ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

ዛሬ ገደፋው ከቡሬ ገበያ ሲመለስ ሙሉውን ሥዕል አሳየኝና ሳቀብኝ። «እማ፣ በከንቱ ነዋ የጾሙት! የወይኒቱ ስልክ ግማሹን ቆርጦታል።» ለካ በወዲያ በኩል አንቺ አለሽ፤ ፊት ለፊት እየተያየን ነው። «ሰው ማንነቱን የሚያገኘው በሚያየው ሰው ፊት ላይ ነው» ስትዪኝ፣ ይህ ፍልስፍና ቀለም ማባከን ነው ብዬሽ ነበር። አሁን ገባኝ። ጆሮዬን ግን ከልክ በላይ አተልቀሽዋል፤ አርሚው።

እመብርሃን እጅሽን ትባርክልኝ፤ በሄድሽበት ሞገስ ትስጥሽ። አደራሽን ፎቶግራፍሽን ላኪልኝ፤ በጎን ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ዓይኖችሽ እንዲያዩኝ።

እናትሽ እታለም