ስለ ቀይ ከረሜላ፣ ስለ ሽፈራው ቅጠልና ስለ ትዳሬ

ጥቅምት 2001 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ የምግብ ቁጥጥር ኃላፊያችን፣

መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ጀርባ ካለው የከረሜላ ማምረቻ ሆኜ፣ ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና፣ ቤትዎም በልጆች ጫጫታ የደመቀ እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛ ቤት ያለው ጫጫታ የአማቴ የሐጂ ጀማለዲን ብቻ ነው።

1. ባለፈው ወር ለአምራቾች በጠሩት ስብሰባ፣ የምንጠቀምበት ቀይ ቀለም የወንድን ዘር ሊያዳክም እንደሚችል፣ ቀለሙን የበሉ አይጦች ግን የሽፈራውና የጥቁር አዝሙድ ጭማቂ ሲሰጣቸው እንደተሻላቸው በትዕግሥት አስረድተውናል። ቀለሙን ስለማገድ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ቅጠል ጠጡ ብለው ስላሰናበቱን ከልብ አመሰግናለሁ። አይጦቹንም እንኳን ደስ አላችሁ ይበሉልኝ።

2. በእኛ መንደር ጅምላ ገዢ ከረሜላ የሚመርጠው የቀማሹን ምላስ አይቶ ነው፤ ምላሱ ካልቀላ ዕቃው አይነሳም። ቀማሹ እኔ ነኝ። የማምረቻው ባለቤት ደግሞ እኚሁ ሐጂ፣ የባለቤቴ የሀፍሷ አባት ናቸው፤ ቀን ቀን ቅመስ ይሉኛል፣ ማታ ማታ የልጅ ልጄ የታለ ይሉኛል። የምንኖረው በእሳቸው ግቢ ስለሆነ ከሥራው ወጣሁ ማለት ከቤቱም ወጣሁ ማለት ነው። የመረመረኝ ሐኪም ዘርህ አንሷል፣ ከቀለሙ ራቅ ብሎኛል፤ ወዴት እንደምርቅ ግን አልነገረኝም።

3. ምክርዎን ሰምቼ ቅጠሉን ከመሳለሚያዋ እትዬ ጠሂራ እየገዛሁ መጠጣት ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞችዎ ያለ ፈቃድ መድኃኒት ትሸጣለች ብለው ሱቋን አሸጉባት። በዚያው ቀን የእኛን ማምረቻ ጎብኝተው፣ ለልጆቻቸው ከረሜላ ይዘው በምስጋና ወጡ። ቅጠሉ መድኃኒት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ ተስፋዬ ግን እሱ ብቻ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ሀፍሷን እወዳታለሁ። ለአረፋ አገር ቤት ስንገባ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ልጅ በሌለው ትዳራችን ላይ ፍቺ እንደሚፈርዱ አማቴ ቁርጡን ነግረውኛል። ወደ ፊት ብል ገደል፣ ወደ ኋላ ብል ገደል ሆኖብኛል። እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ ጠዋት ተነስቼ እቀምሳለሁ።

የምክርዎ ተጠቃሚ፣ የፈቀዱት ቀለም ታማኝ ቀማሽ፣ እስካሁን የማንም አባት ያልሆንኩት፣
ኢስሐቅ ሱሩር

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎ ከአረፋ በኋላ የሚደርስ ከሆነ፣ እባክዎ በእኔ ስም አይጻፉት፤ «ለሐጂ ጀማለዲን አዲሱ አማች» ይበሉት። ሥራው፣ ቤቱ፣ የቀለሙ በርሜልና ሀፍሷ ለእሱ ይተላለፋሉ። እሱም ልጅ ሲያጣ ያንኑ ስብሰባ ይጥሩለት።