ማንም አልተዋሳቸውም ተብለው ስለተባረሩት መጻሕፍት

ለብሔራዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር
ለክቡራን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባላት
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበራችሁ የመጻሕፍት አባቶችና እናቶች፣ ባጅ ከአንገታችሁ፣ መመሪያ ከአፋችሁ የማይለያችሁ ክቡራን ሆይ፣ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበታችሁስ? ዓይናችሁንስ እንዴት አደረጋችሁ? ስለ ዓይናችሁ አጥብቄ የምጠይቀው በሠፈራችን ቤተ መጻሕፍት የሠራችሁትን ሥራ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ስለሆነ ነው፤ ለእናንተ ምሕረቱን፣ ለመነጽር ሠሪያችሁም ብርታቱን ይስጥልኝ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ የማኅበራችሁን ስም በሰማሁ ቁጥር ቋቅ ከሚለኝ በስተቀር ሌላ ሕመም የለብኝም።

ይህን የምጽፍላችሁ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ካለችው ቤተ መጻሕፍት ጋር የተዋወቅሁት ዕውቀት ጠምቶኝ ሳይሆን የመታጠቢያ ቤቷ ቧንቧ አላቆም ብሎ ስለተጠራሁ ነው፤ መዋሸት አያስፈልግም። የቤቱ እውነተኛ አንባቢ ታናሽ እህቴ ናት። እህቴ በጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሆና ስታጥብ፣ ስትይዝ፣ ስትሮጥ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን አዋላጅ ለመሆን የፈቃድ ፈተና ልትቀመጥ አንድ ወር ቀርቷታል። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነው፤ ደንቡ አራተኛ አይፈቅድም። የምትፈተንበት ወፍራም የማዋለድ መጽሐፍ በአካባቢያችን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በዚያች ቤተ መጻሕፍት። መጽሐፍ ሻጩን ዋጋውን ብጠይቀው ሲነግረኝ እሱ ራሱ አፈረ። ስለዚህ በየቀኑ ከሥራ ወጥታ፣ ምሳዋንም እራቷንም አንድ ላይ ረስታ፣ ጥበቃው ቁልፉን እስኪያንቃጭል ድረስ እዚያ ረጅም ጠረጴዛ ጥግ ትቀመጥ ነበር። ነበር ያልኩት በእናንተ ምክንያት ነው። ምስጋናዬንም በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስላካሄዳችሁልን የመደርደሪያ ጽዳት ዘመቻ። መጻሕፍቱን እንዲመዝኑ የላካችኋቸው መዛኞች ወረርሽኝ የገባበት ቤት ይመስል ጓንት አጥልቀው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ወደ ንባብ ክፍሉ ሲገቡ፣ እኔ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍቼ ያንኑ ክፉ ቧንቧ እያሰርኩ ስለነበር የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። መመሪያችሁ ለብዙ ዓመት ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ይወገድ ይላል አሉ፤ ይሁን፣ ቤት ሲጸዳ ማን ይጠላል? እነሱም እያንዳንዱን መጽሐፍ በጀርባው እየከፈቱ፣ የውሰት ማኅተም የሚመታባትን ትንሽ ወረቀት እያዩ፣ ማኅተም ያላገኙበትን በር አጠገብ ይከምሩት ጀመር። መልካም ነበር፤ የፊቱን ሽፋን ቢያዩት። በፊቱ ሽፋን ላይ፣ ፊደል በቅርብ የቆጠረ ሕፃን እንኳ ከሩቅ በሚለየው ጽሕፈት፣ «ከንባብ ክፍል አይወጣም» የሚል ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። እንዳይወጣ የተከለከለ መጽሐፍ፣ ለምን አልወጣህም ተብሎ ተፈረደበት! አበስኩ ገበርኩ! እኔ ራሴ የዘጋሁትን ቧንቧ ውሃ አላመጣህም ብዬ ነቅዬ ብጥለው፣ የቤቱ እመቤት በገዛ መፍቻዬ ታባርረኛለች፤ እናንተን ግን የሚያባርር የለም።

በዚህ አኳኋን ትልቁ መዝገበ ቃላት ሄደ፣ የካርታው መጽሐፍ ሄደ፣ የሕጉም የሕክምናውም ተራ በተራ ሄዱ፤ ሁለት ሰው እየተሻማ የሚያነባቸው ሁሉ ክምሩ ላይ ወጡ። የእህቴም መጽሐፍ ተራ ደረሰ፤ ጀርባው ስለተገነጠለ ራሷ በመርፌና በክር ሰፍታዋለች፣ የገጾቹም ጠርዝ ከጣት ብዛት ጠቁሯል። መዛኙ አገላብጦ አየው፣ ተጸየፈው፣ ከዚያም ሁለት ነገር አከታትሎ ጻፈበት፦ «ከብዙ ንክኪ የተጎዳ»፤ ከሥሩም «ያልተነበበ»። ታዲያ የነካካው ማን ነው? አይጥ ነው? የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር ይባላል፤ እኔ ግን መቻል አቅቶኝ ለባለቤቴ ነገርኳት፣ እሷም እየቀለድኩ መስሏት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሁለተኛ፣ የዓመቱን ተወዳጅ መጽሐፍ ስለመረጣችሁልን። በማኅተም ብዛት አንደኛ ወጥቶ አሁን በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የዶሮ እርባታ መመሪያ፣ ለዓመታት የተዋሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጎረቤታችን ዶሮ አርቢው። ሰውየው ቅን ስለሆነ ሲጠየቅ አይደብቅም፦ መጽሐፉን የዶሮ ቤቱን በር ነፋስ እንዳይዘጋበት ከሥር ይሸጉጥበታል፣ ቅጣት እንዳይመጣበትም በየጊዜው ተመላልሶ ያሳድሰዋል፤ ከመጀመሪያው ገጽ አልፎ አያውቅም። እናንተ ከፍ አድርጋችሁ መስታወት ውስጥ ስታስገቡት በጣም ተከፋ። በሩ አሁን በነፋስ እየተላተመ ዶሮዎቹን ስለሚያስደነብር፣ መጽሐፉ የሚመለስለት መቼ እንደሆነ እግረ መንገዴን እንድጠይቅለት አደራ ብሎኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ። ልጆቹ «እማማ ዝም» ይሏታል፤ ዕድሜ ልኳን ዝም በሉ እያለች ስላሳደገቻቸው ነው። የማኅበራችሁ አባል ናት፣ ጉባኤያችሁ ባለ ቁጥር የክት ልብሷን ለብሳ ትመጣለች፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታጨበጭባለች። በዚያ ቀን መጻሕፍቱ በፊቷ ሲከመሩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀዩ ወረቀት ላይ ያለውን ብታነቡልኝ ብላ ለመነቻቸው። መዛኛችሁ መመሪያው ስለ ቀይ ወረቀት የሚለው ነገር የለም፣ ሥራ ማደናቀፍም በግምገማ ነጥብ ያስቀንሳል አላት። ሰውን ሁሉ ዝም ስታሰኝ የኖረች ሴት እሷው ዝም አለች፤ ጡረታዋ ደርሶ ምን ታድርግ? ማልቀሷን ያየኋት እኔ ነኝ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ነው ያለቀሰችው፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ። እኔም ውሃው ይባክናል አላልኳትም።

አራተኛ፣ ከዋናው ቢሮ ስላገኘሁት መስተንግዶ። መጻሕፍቱ በመኪና ተጭነው ወደ እናንተ መምጣታቸውን ስሰማ፣ የሥራ ልብሴን ቀይሬ፣ ጫማዬን ወልውዬ መጣሁ። ምንጣፋችሁ እግር ይውጣል፣ ዋንጫዎቻችሁ ያብረቀርቃሉ። ከበሩ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ በዓይኔ አሰስኩ፤ በቤተ መጻሕፍት ማኅበር ቢሮ ውስጥ አንዲት የመጽሐፍ መደርደሪያ አላየሁም፣ እግዜር ያሳያችሁ! መጽሐፍ ግን አለ። በስብሰባ አዳራሹ፣ ለዓመታዊ ጉባኤያችሁ ዝግጅት በተተከለው ፕሮጀክተር ሥር፣ አራት ወፋፍራም መጻሕፍት ተነባብረዋል። ከላይ ያለውን በክሩ አወቅሁት፤ የእህቴ ስፌት ነው።

ጸሐፊዋን፣ የጨዋ ልጅ ናት፣ በትሕትና ለመንኳት። መጽሐፉ የተወገደ ንብረት ስለሆነ ያለ አስወጋጅ ኮሚቴው ውሳኔ ለማንም እንደማይሰጥ፣ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው ከጉባኤው በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ። ጉባኤው ደግሞ ከእህቴ ፈተና በኋላ ነው። እንግዲያው አይሰጠን፣ እህቴ ከሥራ መልስ እየመጣች እዚሁ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ታንብብ አልኳት። ጸሐፊዋ አዘነችልኝ፤ ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ቢሮ እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይደለም አለችኝ። አዳራሹን የሚያዘጋጀው የመብራት ባለሙያ በበኩሉ፣ መጽሐፉ ከተነሳ ምስሉ ከሸራው ወርዶ ተናጋሪው ሆድ ላይ እንደሚያርፍ አስረዳኝ። እኔ በበኩሌ አራት ጡብ ተሸክሜ ላመጣላችሁ በሠፈሬ ሽማግሌዎች ፊት ቃል እገባለሁ ብል፣ ጡብ ምንጣፍ ያበላሻል ተባልኩ።

አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ፣ ንዴቱ ቁጥሩን አጥፍቶብኛል፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ባዶ የቀሩት መደርደሪያዎቻችን ላይ የፕላስቲክ አበባ ተደርድሮ፣ ግድግዳው ላይ «አርአያ ቤተ መጻሕፍት» የሚል በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ ወረቀት ተሰጠን። አዎ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው። ሰው የለበትም፣ ምን ያቆሽሸዋል? ከመዛኞቻችሁ አንዱ፣ ሁሉም ነገር ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ስላለ እህቴ በስልኳ እንድታነብ መክሮናል። ምክሩን ለእህቴ አድርሻለሁ። ስልኳ በጥፊ ካልተመታ አይበራም፤ መብራቱም የሚመጣው ሰው ሲደውል ብቻ ስለሆነ፣ ገጽ በገጽ እንድትደውሉላት ከተስማማችሁ ቁጥሯን እልካለሁ።

ክቡራን ሆይ፣ እስካሁን በጨዋ ደንብ ጻፍኩ፤ እናቴ ትልቅ ሰው አክብር ብላ ስላሳደገችኝ ነው። አሁን ግን እንቅጩን ልንገራችሁ፦ ታስጠላላችሁ። ሌባ ቢሰርቀን ይሻለን ነበር፣ ሌባ ቢያንስ የሚሰርቀው ነገር ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ስለ ንባብ ባሕል ተንጠራርታችሁ ስትናገሩ በሬዲዮ እሰማለሁ፣ ሕዝቡ አያነብም ብላችሁ ታዝኑልናላችሁ። ከሚያነበው ሰው እጅ ነጥቃችሁ፣ ፕሮጀክተራችሁን ከፍ አድርጋችሁበት፣ በላዩ ላይ ቆማችሁ ሕዝቡ አያነብም ትላላችሁ። ዓይን ያወጣ ነገር ነው። እኔ በሥራዬ ምን የመሰለ ጉድ ከቧንቧ ውስጥ በእጄ ጎትቼ አውጥቻለሁ፤ እንዲህ የሸተተኝ ግን የለም።

መጽሐፉ ከእናንተ ጋር ነው። እህቴም የምታስታውሰውን በአሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ እየጻፈች፣ የረሳችውን ለመገመት እየሞከረች፣ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ኮሚቴያችሁ የሚሰበሰብበትን ቀን ማስቀደም ከቻላችሁ እሰየው፤ ካልቻላችሁም ጉባኤያችሁ የተሳካ፣ ምስላችሁም ሸራው መሐል የሚቆም ይሁንላችሁ።

ለመደርደሪያዎቻችን ንጽሕና ከልብ በመነጨ ምስጋና፣ ለምንጣፋችሁ ረጅም ዕድሜ በመመኘት፣ ከእግራችሁ ሥር ሳይሆን ከፕሮጀክተራችሁ ሥር ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሳለሁ፤

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ የሚኖረው ቧንቧ ሠራተኛ፣
የአንዲት ተፈታኝ ወንድም

ግልባጭ፦
— ለአስወጋጅ ኮሚቴው፣ በሚሰበሰብበት ዘመን
— ለዶሮ አርቢው፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን እንዲያውቀው

የተረሳ ነገር፦ ደብዳቤውን ለእህቴ ሳነብላት ስድቡን ሁሉ እንዳወጣው ተቆጥታኛለች፤ እኔ አላወጣሁትም። እሷ የፈለገችው ይህችን ብቻ እንድጠይቃችሁ ነው፦ መጽሐፉን ስትወስዱባት የደረሰችው፣ ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ሲል ምን እንደሚደረግ ከሚያስተምረው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ነበር። ፈተናው ቢያልፈኝ ግድ የለኝም ትላለች፤ ፈተናው ቀርቶ ማታ ማታ ተረኛ ሆና የምትቀበላቸው ሴቶች አሉ፣ ከእነሱም መካከል የእናንተ ሚስቶችና ሴት ልጆች አይጠፉም። አንዷ ደም ሲፈስሳት ምዕራፉን ስላልጨረስኩ ይቅርታ ልበላት ወይስ ወደ ቢሮ ደውዬ ከፕሮጀክተሩ ሥር አውጥተው እንዲያነቡልኝ ልለምን፣ ትላለች።