የገዛ እጃቸውን ያሠለጠኑት አቶ ክብሩ ገብረጻድቅ

አቶ ክብሩ ከአባታቸው ከአቶ ገብረጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉጌጥ በ1954 ዓ.ም. በይርጋለም ከተማ ተወለዱ። እኔ ታናሽ እህታቸው አልማዝ ነኝ፤ ይህን ጽሑፍ አንብቤ እስክጨርስ ማንም ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል። በተለይ እናንተ ከኋላ የቆማችሁት፣ ወንድሜ ያሠለጠኗችሁ ልጆች! ከቀብር መልስ ወዴት ልትሄዱ እንደተማከራችሁ ድንኳኑ ውስጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሜን የመታውን ልጅ ቤት በእሳት ልታጋዩ ነው። መጀመሪያ የማን ደም እንደምትመልሱ ስሙ።

አባታችን እጃቸው ፈጣን ነበር፤ ክብሩ በኩር ስለነበሩ ዱላው የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ይርጋለም ተምረው በ1973 ዓ.ም. ወታደር ሆኑ። ሰሜን ዘምተው ትከሻቸውን በጥይት ተመቱ፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሀዋሳ ገቡ። መናኸሪያ በተራ አስከባሪነት ሥራ ጀመሩ። ያ ሥራ ድምፅም ቡጢም ይፈልጋል፤ የእሳቸው ደግሞ ቡጢው ይቀድማል። የስንቱን ጥርስ እንዳረገፉ ቤቱ ይቁጠረው። በ1987 ዓ.ም. የአንድ ረዳት መንጋጋ ሰብረው ታሰሩ። ሲፈቱ መናኸሪያ ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላቸው ጀመር፤ እሳቸውም የተከበሩ መሰላቸው።

በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ ታቢታ አለሙ ጋር ጋብቻ መሥርተው በዓመቱ ሶልያናን ወልደዋል። በ1990 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ምሳ ዘገየ ብለው ታቢታን በጥፊ መቷት። የጆሮዋ ታምቡር ተቀደደ፣ ደም በአንገቷ ወረደ። ሕፃኗ ሶልያና አልጋ ሥር ገብታ አልወጣ አለች። ይህ ደግሞ በቀብር ላይ ይነበባል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ይነበባል! ይነበብ ያለችው ታቢታ ናት።

ታቢታ ልጇን ይዛ ታቦር ሰፈር ያለው ወንድሟ ቤት ገባች። እንደ ደንቡ ሽማግሌ ተላከ፤ ክብሩም ጉልበት ስመው ይቅርታ ጠየቁ። ባገራችን ሽማግሌ ከገባ ሚስት ጓዟን ሸክፋ ትነሳለች። ታቢታ ግን "አፋቸውማ ሁልጊዜ ይቅርታ ይላል፤ እኔ የምፈልገው እጃቸው ይቅርታ ማለት ሲማር ነው" ብላ ሽማግሌዎቹን እንደመጡ መለሰቻቸው። እሰይ የኔ አንበሳ!

ያን ጊዜ መሃል ከተማ ቦክስ የሚያሠለጥኑ አቶ ሱልጣን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ክብሩ ንዴቴን እዚያ አራግፈዋለሁ ብለው ገቡ። የቦክስ ከረጢቱን ሲደበድቡ ከረሙ፣ ንዴቱ ጭራሽ ባሰበት። ትልቁ ስሕተታቸው ያ ነበር፤ ገላቸውን መልሰው መላልሰው ያስተማሩት መምታትን ነዋ! አቶ ሱልጣን ከረጢቱን አወረዱና "ከመምታትህ በፊት ገላህ ምን ያደርጋል?" ብለው ጠየቋቸው። ክብሩ እየዋለ እያደረ አስተዋሉ፤ መጀመሪያ የእግር ጣታቸው ጫማው ውስጥ ይጨመደዳል፣ ትንፋሻቸው ደረታቸው ላይ ይቆማል፣ መንጋጋቸው ይቆለፋል፣ ቡጢው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አእምሮ ገላን እንደሚያዝ ሁሉ ገላም አእምሮን እንደሚያዝ ያኔ ገባቸው። ትከሻ መጣልን፣ ረጋ ብሎ መተንፈስን እንደ ሕፃን ከዜሮ ተማሩ።

መናኸሪያ ያሉ የድሮ ጠላቶቻቸው እጃቸውን እንደማያነሱ ሲያዩ ጊዜያችን ደረሰ አሉ። ፊታቸው ላይ ተፉባቸው፤ አንድ ቀን በድንጋይ ፈነከቷቸው። ክብሩ ደማቸውን ጠርገው ሥራቸውን ቀጠሉ። ታቢታ ይህን ስትሰማ በ1993 ዓ.ም. ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሶልያና ግን አባቷ ጨው ለማንሳት እጃቸውን ሲዘረጉ እንኳ ትሸማቀቅ ነበር። ያ እስኪለቃት ብዙ ዘመን ወሰደ፤ ወንድሜን ከጥይቱ ይልቅ ያቆሰላቸው ይኸው ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ታቦር ተራራ ሥር ጂም ከፈቱ። ደም ግፊት ያለባቸው የቢሮ ሰዎች፣ ወገባቸውን የታመሙ ባጃጅ ነጂዎች፣ ከሁሉ በላይ ጠብ የሚጠማችሁ እናንተ መጣችሁ። ብረት ላንሳ ያለውን ሁሉ ወንበር ላይ አስቀምጠው "ትንፋሽህ የት ነው ያለው?" ይሉታል። "ጋሽ ክብሩ፣ ጡንቻ ብለን መጥተን መቀመጥ ያስተምሩናል!" እያላችሁ ስታሾፉ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ይሁንና ከመካከላችሁ ስንቱ እንቅልፍ አገኘ፣ ስንቱ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሴንጢ ጣለ!

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ወጣቶች በተሳፋሪ ተጣሉ። አንደኛው የጎማ መፍቻ ብረት አንስቶ ሌላውን ሊፈልጠው ሲል በዚያ ሲያልፉ የነበሩት ክብሩ መሃል ገቡ። የመጀመሪያው ምት ትከሻቸው ላይ አረፈ። ያዩት ሁሉ እንደሚመሰክሩት በአንድ ቡጢ ሊዘርሩት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዝቅ አድርገው "ተንፍስ ልጄ፣ ተንፍስ" አሉት። ሁለተኛው ምት ጭንቅላታቸውን ከፈተው። ወይኔ ወንድሜን! ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ በተቆራረጠ አንደበት ታቢታን "የጂሙን ልጆች ያዢልኝ" ብለው ጥር 21 ቀን 2008 ዓ.ም. በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ እርር ብሏል። ያን ልጅ ዛሬ ባገኘው በጥርሴ እዘለዝለው ነበር። ነገር ግን ልጁ እስር ላይ ነው፤ ልታጋዩት ባሰባችሁት ቤት የቀሩት እናቱ ወይዘሮ እታፈራሁ ብቻ ናቸው። እሳቸውም እዚሁ ናቸው፤ ከታቢታ ጎን ነጠላ ዘቅዝቀው የተቀመጡት። ትናንት ድንኳኑ በር ላይ ቆመው መግባት ሲፈሩ እጃቸውን ይዛ ያስገባቻቸው ታቢታ ናት።

አቶ ክብሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ታቢታን፣ ልጃቸውን ሶልያናን፣ እኔን እህታቸውንና ያሠለጠኗችሁን እናንተን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለእኛም የማይነድ ልብ ይስጠን።

ቀብሩ እንዳበቃ ወይዘሮ እታፈራሁን ቤታቸው ድረስ የምትሸኙት እናንተው ናችሁ፤ ደጃፋቸው ላይም እየተፈራረቃችሁ ትጠብቃላችሁ። ታቢታ ብላችኋለች።