ስሙን እርሻው ላይ ትቶ የሄደው ወንድም

አርዲስዬ፣

ኖርዌይ፣ ቅድመ አያቴ ኡላ የተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብያለሁ። ቡናቸው የሚኔሶታውን የኛን ቤተ ክርስቲያን ቡና ውሃ ያስብለዋል። መዝገብ ያዧ ግሩ የጥምቀት መዝገቡን ታነብልኛለች።

«ኡላ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ኒልስ። ሁለቱም ሊየን እርሻ ላይ ነው የተወለዱት። ኒልስ ግን ሲያገባ ሆቭላንድ የሚባለው የሚስቱ ቤተሰብ እርሻ ገባ፣ ከዚያ አሜሪካ ሄደ።»

«ታዲያ ኒልስ ሊየን የሚባል ሰው እኛ አገር የለማ!»

«ምን ነካሽ? ሰው የሚጠራው በሚኖርበት እርሻ ነው። እርሻ ከቀየረ ስሙም ይቀየራል።»

ኒልስ ሆቭላንድ! ሳሎንሽ ግድግዳ ላይ ያለው ጢማሙ ቅድመ አያትሽ! ጮኼ ግሩን ሳቅፋት ቡናዋ ተደፍቶ መዝገቡን ለጥቂት ሳተው። እኔ ሊየን፣ አንቺ ሆቭላንድ እየተባልን፣ ዕድሜ ልካችንን አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ስንዘምር የሁለት ወንድማማቾች ዘር ነበርን!

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባልሽን ሃሮልድን ሳሚልኝ። ስትሸኚኝ «የኔ ዘመድ ካገኘሽ እዚያው ተያት፣ ያሉኝ ይበቁኛል» ብለሽኝ ነበር። ይቅርታ፣ አንዷ እምቢ ብላለች፤ ከአውሮፕላን እንደወረደች ከነሻንጣዋ አንቺ በር ላይ ናት።

ዘመድሽ ቨርና